ኮምባይነሩ ይታያል፣ ዕዳው አይታይም፦ ዘጋቢ ፊልሞችና የዘመኑ ገበሬ

ስለ እርሻ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን አዘውትሮ የሚያይ ሰው በዓለም ላይ ያለው ገበሬ ሁለት ዓይነት ብቻ ሊመስለው ይችላል። አንዱ በማለዳ ጤዛ ላይ እየተራመደ፣ አፈር በእፍኙ ዘግኖ እያሸተተ፣ ላሞቹን በስም እየጠራ የሚኖር ደስተኛ ሰው ነው። የሌላው ፊት በቅጡ እንኳ አይታይም፤ ሃያ ሺህ ዶሮ በታጨቀበት አዳራሽ ባልዲ ይዞ ያልፋል፣ ወይም ግዙፍ ትራክተር ላይ ተቀምጦ መሪ ሳይነካ ይሄዳል። ሁለቱም በእውን አሉ። የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ባለሙያዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ግን በዓለም ከ608 ሚሊዮን በላይ እርሻዎች ሲኖሩ፣ ከመቶው 84ቱ ከ2 ሄክታር በታች ናቸው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እነዚህ ትንንሽ እርሻዎች ከጠቅላላው የእርሻ መሬት 12 በመቶ ገደማ ይዘው ከዓለም ምግብ 35 በመቶ ያህሉን ያመርታሉ። በፊልም ግን እምብዛም አይታዩም። ከእነሱ በላይ፣ ከግዙፎቹ በታች ያለው መካከለኛ ገበሬማ ጭራሽ የተረሳ ነው።

ይህን ሁሉ በአዘጋጆቹ ክፋት ማሳበብ ይቀላል፤ አንዳንዴም ትክክል ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የመጣው ከካሜራው ጠባይ ነው። ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር ይወዳል። የገበሬን ኑሮ የሚወስኑት ነገሮች ደግሞ ባመዛኙ አይንቀሳቀሱም፤ የብድር ውል፣ የእርጥበት መለኪያ ላይ የወጣ ቁጥር፣ በስልክ የተነገረ ዋጋ፣ ዝናብ እስኪያባራ የሚባክን ግማሽ ቀን። ፊልሙ ሥራውን ያሳያል፤ ሥራው ለምን ዛሬ፣ ለምን በዚህ መንገድ እንደተሠራ ግን ከምስሉ ውጪ ይቀራል። ከዚያም ተመልካቹ ክፍተቱን በራሱ ፍርሃት ወይም በራሱ ናፍቆት ይሞላዋል።

ሦስት አሮጌ ቅርጾች

የዛሬዎቹ ፊልሞች የሚከተሉት መንገድ ከ60 እስከ 90 ዓመት በፊት የተቀየሰ ነው። አንደኛው መንገድ ማሽኑን ከሳሽ ፊት ያቆማል። በ1936 ፔር ሎረንትዝ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሠራው «ሜዳውን የሰነጠቀው ማረሻ» በ1930ዎቹ የአሜሪካን ሜዳዎች የመታው የአቧራ ማዕበል ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ አጭር ፊልም ነው። የትራክተሮችን ሰልፍ ከጦር ታንኮች ሰልፍ ጋር እያፈራረቀ ያሳያል። ፊልሙ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረው የስንዴ ፍላጎት ገበሬውን ሣር መሬት እንዲያርስ እንደገፋፋው ሳይጠቅስ አላለፈም። ዓይን ውስጥ የሚቀረው ግን ታንኩ ነው። የገበያው ምክንያት የአንድ ዓረፍተ ነገር ዕድሜ አገኘ፣ ማሽኑ ግን ምስል አገኘ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ይህንኑ ስህተት ሳያውቁት ደግመውታል።

ሁለተኛው መንገድ ወቅቶችን መከተል ነው። ጆርጅ ሩኪዬ በ1946 ባወጣው «ፋረቢክ» ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖሩ ዘመዶቹን አንድ ሙሉ ዓመት ተከታትሏል። ቤተሰቡ የራሱን ሕይወት በካሜራ ፊት እየደገመ ስለተወነ ንጹሕ ዘጋቢ ፊልም ነው አይደለም የሚል ክርክር አለ። ክርክሩን ትተን፣ ፊልሙ ከመዝራትና ከማጨዱ መሐል ቤተሰቡ በገንዘብ ነክ ጉዳዮች ሲመክር ያሳያል፤ ቤቱን እናድስ ወይስ ኤሌክትሪክ እናስገባ እያሉ። ሩኪዬ በ1983 እዚያው ተመልሶ «ቢክፋር»ን ሠራ። የዚህኛው ዋና ጉዳይ አንዲት ትንሽ እርሻ ለሽያጭ ስትቀርብ ጎረቤቶች መሬቷን ለመያዝ የሚያደርጉት ሽሚያ ነው። በሁለቱ መካከል 37 ዓመት አለ። የእርሻ ዘመናዊነት ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ጥንድ ማግኘት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ማሽኑ የገባው ጎረቤት መሬቱን ስለለቀቀ መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ ሠራተኛውን ማሳየት ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ በ1960፣ አሜሪካውያን የምስጋና በዓላቸውን ባከበሩ ማግስት ያሰራጨው የጋዜጠኛ ኤድዋርድ መሮው ዘገባ፣ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ አትክልትና ፍራፍሬ የሚለቅሙ ሰዎችን ኑሮ አጋለጠ። የተመረጠው ቀን ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሌላውም የሚያስገርም ነገር መሮው ራሱ በሚቀጥለው ዓመት የመንግሥት ባለሥልጣን ሆኖ ቢቢሲ ይህንኑ ፊልም እንዳያሳይ መጠየቁ ነው። የዚህ መንገድ ጥንካሬ ግልጽ ነው። ደካማ ጎኑ ቀጣሪው ገበሬ ሁልጊዜ የመጨረሻው ባለጌታ ሆኖ መታየቱ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጥለት ገዢ ግን ከካሜራው ጀርባ ይቆማል።

የአጨዳ ቀን በቅርብ ሲታይ

በእርሻ ፊልም ውስጥ አጨዳ አይቀርም። ድሮን ከላይ ይነሳል፣ ኮምባይነሩ ወርቃማውን ማሳ እየላጨ ይሄዳል፣ እህሉ በቱቦ ወደ ጋሪው ይፈስሳል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት ነው። በዚያ ቀን በእርግጥ የሆነውን ብናይ ግን ይህን ይመስላል።

ጠዋት ማሽኑ ቆሟል። ጤዛ አለ፤ ገለባው ረጥቦ ስለሚለጠጥ መውቂያው ላይ ይጠመጠማል። ገበሬው ዛላ ቆርጦ በመዳፉ ያሻል፣ ፍሬውን በጥርሱ ይሞክራል፣ ከዚያ ጥቂት እፍኝ ወደ እርጥበት መለኪያው ይጨምራል። ስንዴ ሳይበላሽ እንዲቀመጥ እርጥበቱ 14 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ሆኖ ወደ ጎተራ ከገባ ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይወድደዋል። መለኪያው 17 ቢያሳይና የአየር ትንበያው ማታ ዝናብ ቢል ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ እርጥቡን አጭዶ ለማድረቂያ ነዳጅ መክፈል ነው። ሌላው መጠበቅ ነው፤ ዝናቡ ለቀናት ከቆየ ግን ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ ማቆጥቆጥ ይጀምርና ለዳቦ ሊሸጥ የነበረው ስንዴ ለእንስሳት መኖ በሚከፈለው ዋጋ ይሄዳል። የዓመቱ ትርፍ የሚወሰነው በዚህች ሰዓት ሊሆን ይችላል። ካሜራው ግን ገና አልተከፈተም፤ የቀረጻ ቡድኑ ማሽኑ እስኪነሳ ሻይ እየጠጣ ነው።

ማሽኑ ከተነሳም በኋላ ዋናው ነገር የሚታየው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ነው። ልምድ ያለው ሰው ኮምባይነሩን ጥቂት አስኬዶ ያቆምና ከኋላው ተንበርክኮ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ ይቆጥራል። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል። በአንድ ካሬ ሜትር 200 ፍሬ ከወደቀ 8 ግራም ነው፤ በሄክታር ሲሰላ 80 ኪሎ ይሆናል። ምክንያቱን ለማወቅ የወደቀው ነገር ራሱ ይመረመራል። ዛላው ውስጥ ሳይወቃ የቀረ ፍሬ ካለ የመውቂያው ከበሮ በዝግታ እየዞረ ነው ወይም ከሥሩ ካለው ብረት ጋር ያለው ክፍተት ሰፍቷል። የኮምባይነሩ የእህል ማጠራቀሚያ ውስጥ የተሰነጠቀ ፍሬ ከበዛ ከበሮው ፈጥኗል። ንጹሕና ሙሉ ፍሬ ከገለባው ጋር ከወደቀ ማራገቢያው ነፋሱን አብዝቷል፣ ወንፊቱ ጠብቧል፣ ወይም ነጂው ቸኩሏል። የገበሬ ሙያ በአንድ ምስል ይታይ ከተባለ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ከገለባ መሐል ተንበርክኮ ሲቆጥር። ለማንሳት የሚያስፈልገው አንድ ካሜራና ሁለት ደቂቃ ነው።

መሪ ሳይነካ የሚነዳውም ሰው እንዲሁ በስህተት ይነበባል። የቦታ ስህተትን የሚያርም ምልክት የሚደርሰው የሳተላይት መሪ ማሽኑን በ2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ልዩነት ብቻ መስመሩ ላይ ያስኬደዋል። ጥቅሙ ዘሩና መድኃኒቱ በተደራረበ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ እንዳይወድቅ፣ ጎማውም በየዓመቱ በአንድ መንገድ ብቻ ሄዶ የቀረው አፈር እንዳይጠቀጠቅ ነው። አንዳንድ ፊልም ይህን የነገው ዓለም ተአምር፣ ሌላው ደግሞ የሰው ልጅ ከመሬቱ የመለየቱ ምልክት ያደርገዋል። ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ሲግናል ቢጠፋ፣ አንድ ሴንሰር ቢበላሽና ማሽኑ በራሱ ቢቆም፣ በአጨዳ መሐል ስህተቱን የሚያጠፋለት ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ያለው በአምራቹ ቴክኒሻን እጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ግዛት በ2023 ያወጣው፣ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ የሚሠራው ሕግ አምራቾች ለእርሻ መሣሪያ የሚያስፈልገውን መለዋወጫ፣ ሶፍትዌርና መመሪያ ለባለቤቱ እንዲያቀርቡ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚያስፈራው ሁሉ አይጎዳም፣ የሚያምረውም ሁሉ አይጠቅምም

ሠላሳ ሜትር ክንፉን የዘረጋ የተባይና የአረም መድኃኒት መርጫ ማሽን ነጭ ጭጋግ እየለቀቀ ሲያልፍ፣ ከበስተኋላ ዝቅ ያለ የሚያስጨንቅ ድምፅ ከተጨመረበት፣ ተመልካቹ መርዝ እንደ ዝናብ ሲወርድ ያየ ይመስለዋል። በሄክታር ከሚረጨው 200 ሊትር ገደማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ አንድ ወይም ሁለት ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው፤ የቀረው ውኃ ነው። ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ አይጎዳም ማለት አይደለም። ትንሽ መጠን የሚበቃው እኮ ኃይለኛ ስለሆነ ነው። አደጋውን ከጭጋጉ ውፍረት መገመት ግን አይቻልም። መጠየቅ ያለበት የጠብታው መጠን፣ የመርጫው ከፍታና የነፋሱ ሁኔታ ነው። ደቃቅ ጠብታ በነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል፤ ከበድ ያለው ይወድቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ነፋስ የሌለበት ምሽት የባሰ ሊሆን መቻሉ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ሞቃቱ አየር ከላዩ ይከደናል፤ ደቃቁ ጠብታ ሳይወድቅ ተንሳፍፎ ይቆይና ነፋስ ሲነሳ ሩቅ ይጓዛል። ካሜራ ሠሪዎች የሚወዱት ወርቃማ ብርሃን የሚመጣው በዚህችው ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚያ ብርሃን ሲረጭ የሚያሳይ ፊልም ካያችሁ ወይ አዘጋጁ ለውበት ብሎ አስረጭቷል፣ ወይም በእውነት ጥፋት እየቀረጸ ነው። የትኛው እንደሆነ ሊነግራችሁ ይገባ ነበር።

ተቃራኒው የማረሻ ምስል ነው። አዲስ የተገለበጠ ጥቁር አፈር፣ ከኋላ የሚከተሉ ወፎች፣ ደስ የሚል ነው። ተዳፋት ላይ የተገለበጠ ባዶ አፈር ግን ከባድ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ይሄዳል። ሳያርሱ በገለባ ላይ የሚዘሩ ገበሬዎች አፈሩን ከመታጠብ ያድኑታል፤ አረሙን ግን ብዙዎቹ የሚያጠፉት በፀረ አረም መድኃኒት ነው። ያለ ማረሻና ያለ መድኃኒት በሰፊ ማሳ ላይ መሥራት የሚቻልበት ሁኔታ ቢኖርም ቀላል አይደለም። ይህን ምርጫ በግልጽ የሚያስቀምጥ ፊልም ማየት ብርቅ ነው፤ አብዛኞቹ አንዱን ክፉ ሌላውን ደግ አድርገው ይገላገላሉ።

አፈርን ስለማዳን በሚሠሩ አዳዲስ ፊልሞች ውስጥ «በፊትና በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶዎች አይጠፉም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ወር ካልተነሱ፣ የዚያን ዓመትና የዚህን ዓመት ዝናብ መጠን ካልነገሩን፣ የግጦሽ እንስሳቱ ከማሳው ከወጡ ስንት ቀን እንደሆናቸው ካልታወቀ፣ ፎቶው የሚያስረዳው ዝናብ ሣር እንደሚያበቅል ብቻ ነው። አፈር ውስጥ ያለው ካርቦንም ቢሆን በዝግታ የሚለወጥ ስለሆነ፣ በአንድና በሁለት ዓመት ልዩነት ተአምር አየን የሚሉ አዘጋጆች ናሙናው ከስንት ሳንቲሜትር ጥልቀትና ከስንት ቦታ እንደተወሰደ መናገር አለባቸው።

አርባ ቀን ባላት የዶሮ ሕይወት ውስጥ ካሜራው የገባበት ቀን

የሥጋ ዶሮ የአንድ ቀን ጫጩት ሆና ስትገባ 40 ግራም ገደማ ናት፤ ከ35 እስከ 42 ቀን ባለው ጊዜ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ትደርሳለች። አዳራሹ ግን አይሰፋም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በካሬ ሜትር የሚፈቀደው የዶሮ ክብደት በመደበኛው 33 ኪሎ ሲሆን ተጨማሪ መስፈርቶች ከተሟሉ እስከ 42 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም 2 ኪሎ ተኩል በሚመዝኑ ዶሮዎች ሲሰላ በካሬ ሜትር 17 ያህል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን የገባ ካሜራ ሰፊና ንጹሕ ወለል ላይ የሚሯሯጡ ጫጩቶች ያሳያል። በ38ኛው ቀን የገባው ደግሞ ወለሉን ማየት አይችልም። ሌንሱን ዶሮዋ ዓይን ደረጃ ዝቅ ካደረጉት ዳር የሌለው የዶሮ ባሕር ይመስላል፤ ከጣሪያ ሥር ካነሱት መተላለፊያና የውኃ መስመር ይታያል። አንዱም ምስል አልዋሸም። ኩባንያው ለማስታወቂያ የሚጠቀመው የመጀመሪያውን ሳምንት፣ ተቃዋሚው የሚጠቀመው የመጨረሻውን ሳምንት ነው። ስለዚህ ቀኑን ያልነገረ ፊልም ምንም አልነገረም ብንል ያስኬዳል።

የሞቱ ዶሮዎች ያሉበት ባልዲም እንዲሁ ነው። 25,000 ዶሮ ባለበት አዳራሽ በ40 ቀን ውስጥ 4 በመቶ ቢሞት 1,000 ነው፤ በቀን በአማካይ 25። ለዓይን ይከብዳል፤ ለአርቢው ግን የዕለት ቁጥር ነው። አርቢው የሚደነግጠው ትናንት 20 የነበረው ዛሬ 60 ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ውኃውን፣ አየሩን፣ መኖውን፣ በሽታውን ይፈትሻል። ጥሩ ጠያቂ ባልዲውን ከማሳየት አልፎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዕለት መዝገብ ያነባል። ብዙ ፊልም የጭንቀት ድምፅ የሚያደርገው የማራገቢያ ጩኸት ደግሞ እንስሳቱን በሕይወት የሚያቆየው ነገር ነው፤ በሞቃት ቀን ማራገቢያ ቆሞ ተለዋጭ ጄኔሬተር ካልተነሳ አንድ አዳራሽ ሙሉ ዶሮ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። አርቢው ሌሊት ስልኩን አጠገቡ አድርጎ የሚተኛው ለዚሁ ነው። ይህ ሁሉ ሲባል ግን በፍጥነት እንድታድግ የተመረጠች ዶሮ እግሯ ክብደቷን መሸከም የሚያቅታት ጊዜ መኖሩ ሐቅ ነው፤ ይህን የሚያሳዩ ፊልሞች አላጋነኑም።

ስለ ወተት ላም አንድ ነገር ብቻ ብለን እንለፍ። የማለቢያ ሮቦት ሲታይ ገበሬው ነፃ የወጣ ይመስላል። አንድ ሮቦት 60 ያህል ላሞች ያልባል፤ ጧትና ማታ ማለብ ይቀራል፣ በምትኩ በማንኛውም ሰዓት የሚጮህ ስልክ ይመጣል። ላሚቱ ወደ ማሽኑ አልሄድም ካለች መፈለግ፣ የግት በሽታ ምልክት ያሳየችውን መለየት፣ ጥጃ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ማጠጣት አሁንም የሰው ሥራ ነው።

ገንዘቡ የት አለ?

የእርሻ ፊልምን ጥራት ለመመዘን አንድ መስፈርት ብቻ ምረጡ ብንባል፣ ሒሳቡ ይታያል ወይ የሚለውን እንመርጣለን። 100 ሄክታር ስንዴ ያለውን ገበሬ በምሳሌ እንውሰድ። በሄክታር 6 ቶን ቢያገኝ 600 ቶን አለው። ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ነዳጁን፣ ኪራዩንና የማሽን ብድሩን ከፍሎ በሄክታር 100 ዶላር ቢተርፈው የዓመቱ ትርፍ 10,000 ዶላር ነው። የስንዴ ዋጋ በቶን 20 ዶላር ብቻ ቢወርድ 12,000 ዶላር ይጎድልበታል። ማሳው ያው ነው፣ ምርቱ ያው ነው፣ ምስሉም ያምራል፤ ገበሬው ግን ከስሯል። ድሮን ይህን አያነሳውም።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ስሌት እንደሚያሳየው ተጠቃሚው ለምግብ ካወጣው 1 ዶላር ውስጥ ለእርሻው የሚደርሰው በቅርብ ዓመታት 15 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ያውም ወጪ ሳይቀነስ። በዚያችው አገር የአብዛኞቹ ገበሬ ቤተሰቦች ገቢ የሚደጎመው ከእርሻ ውጪ በሚሠራ ሥራ ነው። አንዱ ባለትዳር ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ተቀጥሮ ካልሠራ ቤቱ አይቆምም። ፊልሞች ግን ሚስትየዋን የሚያሳዩት አትክልት ስትለቅም ወይም እራት ስታቀርብ ነው፤ ማታ ሒሳቡን የምትሠራውና ከባንኩ ጋር የምትነጋገረው እሷ ብትሆንም።

በውል የሚሠራ የዶሮ አርቢ ደግሞ ነገሩ ለየት ይላል። በአሜሪካ በተለመደው አሠራር ጫጩቱ፣ መኖውና መድኃኒቱ የኩባንያው ነው። አዳራሹና የአዳራሹ ዕዳ የአርቢው ነው። ክፍያውም በዚያው ሳምንት ዶሮ ካስረከቡ ሌሎች አርቢዎች ጋር በውድድር ይሰላል፦ ባነሰ መኖ ብዙ ሥጋ ያወጣ ከአማካዩ በላይ፣ ያላወጣ ከአማካዩ በታች ይከፈለዋል። ደካማ ጫጩት የደረሰው አርቢ ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም ይቀጣል። በ2008 የወጣው «ፉድ ኢንክ.» ይህን የዕዳ ሰንሰለት ለሰፊ ሕዝብ ካስተዋወቁት አንዱ ነው፤ ካሜራ ወደ አዳራሿ ያስገባች አንዲት አርቢ፣ አዳራሾቿን ኩባንያው በፈለገው መንገድ አላሻሽልም በማለቷ ውሏ መቋረጡንም ነግሮናል። ኑሮው በኩባንያው ውል ላይ የተንጠለጠለ አርቢ ለፊልም ሠሪዎች በር ቢዘጋ የሚደብቀው ነገር ስላለው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባል።

የሚገርመው፣ ሒሳብን በግልጽ ካሳዩት መካከል ለሣቅ የተሠራ ተከታታይ ፊልም ይገኛል። በ2021 አማዞን ያቀረበው የጄረሚ ክላርክሰን የእርሻ ፊልም፣ በእንግሊዝ 400 ሄክታር ገደማ ያለው ይህ የቴሌቪዥን አቅራቢ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ያገኘው ትርፍ 144 ፓውንድ መሆኑን ይፋ አደረገ። በ2019 መኸር የዘነበው ዝናብ ዘር እንዳይዘራ ሲከለክል ማየትና መጨረሻ ላይ ያንን ቁጥር መስማት ከብዙ የቁም ነገር ፊልም የበለጠ አስረድቷል። ባለቤቱ ሌላ የገቢ ምንጭ ያለው ሀብታም መሆኑን ግን ተመልካች አይርሳ፤ ጎረቤቱ በ144 ፓውንድ ሁለተኛ ዓመት አይደርስም። በአንጻሩ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን 80 ሄክታር ያህል የደረቀ መሬት ስላለመለሙ ባልና ሚስት የሚተርከው የ2018ቱ «ዘ ቢገስት ሊትል ፋርም» ቀንድ አውጣውን፣ ቀበሮውን፣ የወፍ መንጋውን አንድም ሳይደብቅ ያሳያል፤ የባለሀብቶቹን ገንዘብ ግን በጨረፍታ ያልፈዋል። ተመልካቹ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ፍቅር ብቻ ነው ብሎ ቢነሳ አይፈረድበትም።

ጊዜም ልክ እንደ ገንዘቡ ይደበቃል። በአውሮፓ ኅብረት በ2020 በተደረገው የእርሻ ቆጠራ ከእርሻ ኃላፊዎች አንድ ሦስተኛው 65 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ ከ40 በታች የሆኑት 12 በመቶ ገደማ ነበሩ። ማን ይረከባል የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ከአረምና ከተባይ ይከብዳል። እሱን ለመቅረጽ ደግሞ የአንድ ሳምንት ጉብኝት አይበቃም። ሰሜን መቄዶንያ ውስጥ ያለችን ንብ አርቢ የተከተለው የ2019ኙ «ሃኒላንድ» ሦስት ዓመት ወስዶ ከ400 ሰዓት በላይ ቀርጿል፤ የወጣው ፊልም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጎረቤት የሚሆነው ቤተሰብ መጥቶ ብዙ ማር በችኮላ ለመሸጥ ሲል የንቦቹ ሚዛን ሲናጋ የሚያሳየው ክፍል የተገኘው በዚህ ትዕግሥት ነው።

ዝም የሚል ፊልምና የሚዘጋ በር

ኒኮላውስ ጋይርሃልተር በ2005 የሠራው «የዕለት እንጀራችን» ተራኪ፣ ቃለ መጠይቅም ሙዚቃም የለውም። ረጅምና ቀጥ ያሉ ምስሎች የአውሮፓን የምግብ ምርት ያሳያሉ፤ ማሽኑ፣ እንስሳው፣ ምሳውን ብቻውን የሚበላው ሠራተኛ። ብዙዎች ገለልተኛ ነው ይሉታል። እኛ ግን ዝምታውም ራሱ አቋም ነው እንላለን። የት እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ የተለመደ ይሁን ልዩ የማይነገርለት ተመልካች የራሱን ፍርድ ይዞ ከመውጣት ሌላ አማራጭ የለውም። እንደ ኪነ ጥበብ ጠንካራ፣ እንደ ማስረጃ ግን ደካማ ነው።

በድብቅ የተቀረጹ ምስሎችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት በ2014፣ በአንድ የወተት እርባታ ላሞች ሲደበደቡ የሚያሳይ ምስል ከወጣ በኋላ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በእርሻ ውስጥ መቅረጽን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣች። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 ቀረጻን የሚከለክለውን ክፍል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። የሕጉ ውጤት ከታሰበው የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በሩ ሲዘጋ ከውስጥ የሚወጣው ምስል የከፋው ብቻ ይሆናል፣ ደህናው እርሻ ደግሞ ምስክር ያጣል።

ለመቅረጽ ለሚሄድ

በጎ ሐሳብ ይዞ የሚሄድ ቡድን በስህተት ብዙ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ከአንድ የአሳማ ወይም የዶሮ እርባታ ወደ ሌላው በዚያው ጫማ መሄድ በሽታ ያስተላልፋል። ብዙ እርባታዎች በመካከሉ የሁለትና የሦስት ቀን ዕረፍት፣ የእርባታውን ልብስና ጫማ መልበስ፣ አንዳንዶቹም ገላ መታጠብ ይጠይቃሉ። የካሜራው መቆሚያ እግርም ጫማ ነው፤ በመድኃኒት ይጸዳ። ድሮን በጥጃ መንጋ ላይ ዝቅ ብሎ ሲበር መንጋው አጥር ሰብሮ ይሄዳል። በደረቅ ገለባ ላይ የቆመ መኪና የጭስ ማውጫው ብቻ እሳት ያስነሳል። ኮምባይነር በሰዓት 4 ሄክታር ያህል እያጨደ ሳለ «እስቲ እንደገና ከዚያ ጫፍ ይምጡልን» ማለት ለግማሽ ሰዓት ከሆነ 2 ሄክታር ነው፤ ማታ ዝናብ ካለ ደግሞ ያ ሁለት ሄክታር ውጪ ያድራል። ቢቻል የድጋሚ ቀረጻው ክፍያ አስቀድሞ ይታሰብ።

ከሁሉ በፊት የስምምነት ወረቀቱ በገበሬው በኩል ይታይ። ገበሬው ከመሰራጨቱ በፊት ቁጥሮቹንና የሥራ ቅደም ተከተሉን አይቶ የማረም መብት ይኑረው፤ በአስተያየቱ ላይ ሳይሆን በመረጃው ላይ። ከላይ የተነሳ ምስል ቤቱንና በሩን ስለሚያሳይ ቦታው እንዳይታወቅ ከተፈለገ ይህ በጽሑፍ ይስፈር። በውል የሚሠራ አርቢ ከሆነ ውሉ ጎብኚ ወይም ካሜራ ማስገባትን የሚከለክል አንቀጽ እንዳለው ከቀረጻው በፊት አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንቀጹ ካለ አርቢው ፊቱንና ድምፁን ቀይሮ መናገር ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ፣ አይሆንም ካለ ደግሞ ካሜራው ከበሩ ይመለስ።